ጅማ መርካቶ ላለው የኮምፒውተር ጥገና ልጅ ምስጋና (ሃርድ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት)

ይህን ልጅ ማመስገን ከነበረብኝ ሦስት ወር አልፎኛል። ሥራ በሥራ ላይ ተደራርቦብኝ ነው። አሁን ክረምቱ ገብቶ ሠርጉም ጋብ ስላለ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ለማታውቁኝ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሠርግ፣ ኒካ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እንቀርጻለን። እኔና አንድ ረዳቴ ነን።

ግንቦት ላይ ነው። ቅዳሜ ሠርጉን፣ እሑድ መልሱን ቀርጸን ሰኞ ጠዋት ኤክስተርናሉን (ሥራችንን የምናስቀምጥበትን ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ) ብሰካው ኮምፒውተሩ ፈዞ ቀረ። ፎልደሩን ስከፍት አረንጓዴዋ መስመር እየተጎተተች ትሄድና ግማሽ ላይ ቀጥ ትላለች። ነቅዬ ሰካሁ። ገመድ ቀየርኩ። ረዳቴ ዲስኩን መታ መታ አደረገው (እሱን አሁን ይቅር ብዬዋለሁ)። ውስጡ አምስት ሠርግ አለ። ሁለቱ ገና ለባለቤቶቹ አልደረሱም። የካሜራውን ካርዶች ደግሞ ለሌላ ሥራ ፎርማት አድርገናቸዋል።

ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) አልነበረሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ! ማለቴ፣ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁት «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ ላይ ያልደረሱትን ሁለቱን ገልብጬ ነበር። ስከፍተው የፋይሎቹ ስም ተደርድሯል። ቪዲዮውን ስነካው ግን አንዱም አይነሳም።

ጎረቤቴ ባለፎቶኮፒዋ ናት መርካቶ ወዳለው ልጅ የላከችኝ። ጫማ ከሚሸጡት ጀርባ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ላፕቶፕ፣ ብሎን፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ሁሉም ተደባልቋል። እውነቱን ለመናገር ስገባ ልመለስ ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ ስንት ጊዜ ነቅለው ሰኩት?» አለኝ።

«አሥር ጊዜ ይሆናል።»

«ከአሁን በኋላ አንድም ጊዜ እንዳይሰኩት።»

ከዚያ እሱ ራሱ አንዴ ሰክቶ ዲስኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና ዓይኑን ጨፈነ። ውጭ ባጃጁ ይጮሃል፣ እሱ ያዳምጣል። «ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ጥሩ ነው» አለ። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ ከላዩ ይንሳፈፋል። ቀጭ ቀጭ ቢል ኖሮ የተበላሸው ጭንቅላቱ ሊሆን ይችላል፤ እሱን እኔ አልነካም አለኝ። ዲስክ የሚከፈተው አቧራ በሌለበት ክፍል ነው። «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ እሠራለሁ የሚል ካጋጠመዎት ዲስክዎን ተቀብለው ይውጡ።» የማይችለውን አልችልም የሚል ባለሙያ ስንት ጊዜ አጋጥሟችኋል?

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈተ። ጤነኛ ዲስክ ላይ ሰማያዊ ነው የሚያሳየው። የኔ ቢጫ ነበር። ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በተራ ያቆያቸው ቦታዎች ብዛት እዚያ ላይ ይታያል። ይህ ቁጥር ከዜሮ ካለፈ ዕቃችሁን ቶሎ አውጡ ማለት ነው። ፕሮግራሙን እኔ ወር በገባ ቁጥር እከፍተዋለሁ አሁን፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋጋውን ቀድሞ ነገረኝ። ፋይሉ ካልወጣ አትከፍይም አለኝ፤ ይቅርታ፣ «አይከፍሉም» ነው ያለኝ፣ ልጁ አንቱ ማለት አይለቅም። ሥራውን በዊንዶውስ አልሠራም። ከፍላሽ ሊነክስ (በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሲስተም) አስነስቶ፣ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ዲስኩን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ይቀዳል፣ ያስቸገረውን ያልፈዋል፣ በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። የደረሰበትን እየመዘገበ ስለሚሄድ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። መብራቱም አላሳፈረንም፣ ሁለት ጊዜ ሄደ። አንዱን በላፕቶፑ ባትሪ አለፈው፣ ሌላው አቋረጠውና ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ።

ከአምስቱ ሠርግ የጠፋው ሦስት ፋይል ብቻ ነው። ሁለቱ ሰው ሲበላ የተቀረጹ ናቸው። ሦስተኛው የሙሽሪት አጎት ንግግር ነው። አጎትየው እስካሁን ይጠይቁኛል።

ፍላሹንም ፈተነልኝ። እስኪሞላ ድረስ እየጻፈ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። «2 ቴራ» (2,000 ጊጋ ማለት ነው) የተባለው 32 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። ፎርጅድ ፍላሽ ትልቅ ነኝ ብሎ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል፤ ከልኩ በላይ ስትጭኑበት ስሙን ያስቀምጥና ዕቃውን ይጥላል። ርካሽ ብዬ የገዛሁት ነገር ባክአፕ ያለኝ አስመስሎ አታለለኝ። ባዶ እጄን መሆኔን ባውቅ እንኳ እጠነቀቅ ነበር።

አሁን ዋናው ምስጋናዬ ይመጣል። እቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር ተናድጄ «ከእንግዲህ ርካሽ ነገር አልገዛም፣ 4 ቴራ ኤስኤስዲ ስጠኝ» አልኩት። ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህን የሌለው ፈጣኑ ዲስክ ነው። መደርደሪያው ላይ አለ። ቢሸጥልኝ ጥሩ ትርፍ ነበረው። «አይ እትዬ፣ አያስፈልግዎትም» አለ።

ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። የኛ ካሜራ በፎር ኬ (በከፍተኛ ጥራት) ሲቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋ ገደማ ይበላል። በሁለት ካሜራ አምስት ሰዓት ከቀረጽን አንድ ሠርግ ከ400 ጊጋ ያልፋል። ኤዲት የምናደርገው ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ሠርግ ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚያስፈልገው ለአንድ ሠርግ ብቻ ነው፤ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ይበቃል። ያለቀውን ለማስቀመጥ ፍጥነት ምን ያደርጋል? ለእሱ ተራውን የሚዞረውን ሃርድ ዲስክ፣ ግን ሁለት። አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቆጪ ቤቴ።

«አንድ ውድ ዲስክ ቢገዙ ያው አንድ ነው» አለኝ። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይችላል፤ ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፣ ድምፅም የለው። ደግሞ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ለማስቀመጥ አይመከርም፤ የያዘው ቀስ እያለ ሊጠፋ ይችላል። ሦስቱም ተደምረው ካሰብኩት ከትልቁ ኤስኤስዲ በታች ወጡልኝ። ዋጋውን አልጠራም፣ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ትስቁብኛላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለጅማ ሰው በተለይ። ኤክስተርናል ሁለት ዓይነት ነው። የራሱ ቻርጀር ያለው ትልቁ በቴራ ሲሰላ ይረክሳል። ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ድርግም ይላል፣ እየጻፈ ከነበረ እዚያው ይቋረጣል። ትንሹ ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ ስለሆነ የላፕቶፑ ባትሪ ያኖረዋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካላችሁ ትልቁን ግዙ፣ ከሌላችሁ ትንሹን። እኔ ትንሹን ነው የወሰድኩት፤ ብዙ ሲጭኑበት ይንቀራፈፋል፣ ማታ ለቅቄው እሄዳለሁ።

ያገለገለስ? ጠይቄዋለሁ፣ ኪሴን አውቀዋለሁና። አንድ «ስላይትሊ ዩዝድ» (ትንሽ ብቻ ያገለገለ) የተባለ ዲስክ ሰክቶ የሠራበትን ሰዓት አሳየኝ፦ 41,000 ሰዓት። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። ምናልባት የጥበቃ ካሜራ ላይ የኖረ ይሆናል አለ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ቁጥር አስከፍታችሁ እዩ፤ ሊነካካ የሚችል ቁጥር ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ለፊልምና ለዘፈን ከሆነ ግዴለም፣ ለሰው ሠርግ ግን አይሆንም።

ዲስኮቹን ክዳን ባለው የምሳ ዕቃ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። የኛን ከተማ እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ቀበቶ እንኳ ይሻግታል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብሬ እከታለሁ። ይሄኛው የራሴ ፈጠራ ነው፣ ልጁን እንዳትወቅሱት።

ጉድለቱንም ልናገር። ሁለት ቀን ያለው አራት ቀን ሆነ። ስልክ አያነሳም ማለት ይቻላል። ሱቁ ውስጥ መቀመጫ አንድ በርጩማ ብቻ ናት፣ እሷም ላይ ፕሪንተር ተቀምጧል።

ስሙንና ስልኩን ያላወጣሁት ራሱ ስለከለከለኝ ነው፤ «ፌስቡክ ላይ ካወጡኝ ሥራ አልሠራም፣ ስልክ ሳነሳ እውላለሁ» ብሎኛል። የሚፈልገው ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስጠይቄው እመራችኋለሁ። ዓርብ ከሄዳችሁ ከጁምዓ እስኪመለስ ጠብቁት። ዲስካችሁን በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዙ፣ መንገድ ላይ ያገኛችሁት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ «እስቲ አንዴ ልሞክረው» እንዳትሉ።