የሣር ማጨጃ ለሰመር፦ የቤንዚን ወይስ የባትሪ?

ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው የሚጠይቀው ነው፤ ጥገናው የቱ ይቀላል?

ወጪ፦ የባትሪው ሲገዛ ኪስ ይጎዳል፤ በኋላ ግን ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ። የቤንዚኑ በየ50 ሰዓት ሥራ ገደማ ዘይት ይቀየርለታል።

ጣጣ፦ ኢታኖል (ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ አልኮል) ያለበት ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ታንከር ውስጥ ከተኛ መበላሸት ይጀምራል፤ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ይደፈንና ገመዱን ብትስቡ ብትስቡ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ የሚበቃችሁን ብቻ ቅዱ። የባትሪው ጠላት ሙቀት ነው፤ አጭዳችሁ እንደጨረሳችሁ ቻርጅ አትሰኩበት፣ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይበል።

ቢላዋ፦ ለሁለቱም ያው። የሣሩ ጫፍ ተበጣጥሶ ከነጣ መሞረድ አለበት። ከመንካታችሁ በፊት ግን የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ ወይም ባትሪውን አውጡ፤ ይሄ ቀልድ አያውቅም።

ግቢው ሰፊ ከሆነ ወይም ሣሩ አምልጧችሁ ከረዘመ፣ ቤንዚን። ለታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ቤት) ጓሮ ባትሪው ይበቃል፤ ጎረቤትም አይረብሽም።