በመነጽር ቤት ሌንስ የሠራሁት ቴሌስኮፕ ያዋጣል ወይ?

«ሐኪም ያዘዘልህ ወረቀት የታለ?» አለችኝ የመነጽር ቤቷ ልጅ። የለኝም። የምፈልገው ፕላስ 1 የሆነ፣ ያልተቆረጠ አንድ ሌንስ ብቻ ነው። ለየትኛው ዓይንህ ስትለኝ ለጁፒተር አልኳት። አልሳቀችም።

ፕላስ 1 ብርሃኑን የሚሰበስበው 1 ሜትር ላይ ነው። ከኋላው ብርሃኑን 25 ሚሊ ሜትር ላይ የሚሰበስብ የዓይን ሌንስ (ዓይናችንን የምናስጠጋበት ትንሹ ሌንስ) ሲገባለት 40 እጥፍ ያጎላል። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው ከዚህ ባነሰ ጉልበት ነበር።

ቤት ገብቼ ሌንሱን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ 1 ሜትር አርቄ ያዝኩት። መስኮቱ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ መታየት ነበረበት፤ ምንም የለም። ለካ የሰጡኝ ማይነስ 1 ነው! ያለ ጭቅጭቅ ቀየሩልኝ፣ የታክሲ ሰልፉን ግን ሁለቴ በላሁት። እናንተ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጽሑፍ ላይ ያዝ አድርጋችሁ እዩት፤ ፊደሉ ተለቅ ካለ ፕላስ ነው፣ ካነሰ መልሱት።

ቱቦው 75 ሚሊ የፍሳሽ ቱቦ ነው፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። የዓይን ሌንሱን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ አመጣችልኝ፣ ሌላው ሁሉ እዚሁ አዲስ አበባ ተገኘ።

የመጀመሪያው ምሽት አናደደኝ። ጨረቃ ዙሪያዋን ሐምራዊ ለብሳ፣ ጭጋግ ውስጥ ያለች መሰለች። መላው ቀላል ነው፦ ጥቁር ካርቶን መሀሉን 3 ሴንቲ ሜትር በስታችሁ ሌንሱ ፊት ለጥፉት። ከገዛሁት ሌንስ አብዛኛውን መሸፈኔ ቆጭቶኝ ነበር፣ ግን ካርቶኑ እንደገባ የጨረቃ ጉድጓዶች ጠርዛቸው ሳይቀር ቁልጭ አለ፣ ጁፒተር አጠገብም ሦስት ነጠብጣብ በአንድ መስመር ተደርድረው አየሁ፣ በማግስቱ ደግሞ አራት ሆኑ። ሳተርን ሞላላ ነገር ናት፣ ብዙ አትጠብቁ። ምስሉ ሁሉ የተገለበጠ ነው፤ እማዬ «ምነው ዘቅዝቀህ ሠራኸው?» ብላለች። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም እንዳታዞሩት፣ ዓይን ያጠፋል።

ትልቁ ችግር ማቆሚያው ነው። በካሜራ ትራይፖድ ላይ ስትነኩት ይንቀጠቀጣል፣ ጁፒተር ትጠፋለች፣ ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል። ለሌንሱ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ለትራይፖዱ አንድም አይገባው። የሰፈራችን አናጢ ከእንጨት ሳጥን መሳይ ማቆሚያ ለቅዳሜ አደርስልሃለሁ ብሎኛል። የአናጢን ቅዳሜ ደግሞ ታውቁታላችሁ።