የዋይፋይ በር ደወል ወይስ ባለ ገመድ ኢንተርኮም፦ ርካሹ የትኛው ነው?

ጎንደር ውስጥ ግቢ አጥሮ የብረት በር የሰቀለ ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ያቺ ካሜራ ያላት ትንሿ የዋይፋይ ደወል ትሻላለች ወይስ ሳሎን ግድግዳ ላይ ስክሪኑ የሚሰቀለው ኢንተርኮም?» ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ገመድ መዘርጋት ከቻላችሁ ባለ ገመዱን ግዙ። ዋይፋይዋ የምትረክሰው ሱቅ ውስጥ እስካለች ድረስ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ለስሌት እንዲመች ደወሏ 5,000 ብር ናት እንበል። ብዙዎቹ ባትሪ ሳይኖራቸው ይሸጣሉ፤ 18650 የሚባለውን ሲሊንደር ባትሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ለብቻ ትገዛላችሁ። እዚህ ላይ ፎርጅዱ ይጠብቃችኋል። ላዩ ላይ «9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት» የተጻፈበት ሁሉ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን የሚሠራ ደህና ባትሪ ከ3,500 ብዙ አይዘልም። ሻጩ ሚዛን ካለው አስመዝኑት፤ እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ይከብዳል፣ ፎርጅዱ በግልጽ ይቀላል።

ከዚያ ወርሃዊው ይመጣል። ብዙዎቹ ርካሽ ደወሎች የሜሞሪ ካርድ ቦታ የላቸውም፤ የመጣውን ሰው ቪዲዮ ቆይቶ ለማየት ለክላውድ፣ ማለትም ኩባንያው ኢንተርኔት ላይ ለሚያከራየው ማከማቻ፣ መክፈል ግድ ይላል። በወር 3 ዶላር ቢጠየቅ በሁለት ዓመት 72 ዶላር ነው። አንዱን ዶላር በ150 ብር ብናስብ 10,800 ብር፣ ማለትም ከደወሏ ዋጋ እጥፍ በላይ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የምንዛሪ ዋጋ በወጣ ቁጥር እሱም ይወጣል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ላይ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ባሕር ማዶ ባለ ዘመድ ካርድ የሚከፈል ከሆነ ካርዱ ጊዜው ያለፈ ዕለት ቀረጻው ይቆማል። ደወሏ ግን መጮኋን ስለማታቆም ማንም ልብ አይልም።

ኢንተርኔቱም አለ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በቀን ሃምሳ ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ሰከንድ ቢቀዳ በወር ወደ 1.9 ጊጋባይት ነው። መደበኛ የቤት መስመር ላለው ምንም አይደለም፤ በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ግን ዋጋ ነው። ሃምሳ ደግሞ ብዙ አይደለም። ጠባብ መንገድ ላይ በር ያለው ሰው ባጃጅ፣ አህያና ተማሪ ባለፈ ቁጥር ይቀዳለታል። በጥምቀት ሰሞን መንገዱ ቀኑን ሙሉ ሰው ስለሆነ ባትሪው እንግዶቹ ሳይሄዱ ያልቃል።

በኢንተርኮም በኩል ወርሃዊ የለም፤ ወጪው የውጭው ካሜራ፣ የውስጡ ስክሪን፣ በሩን ከሳሎን ሆኖ የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ቁልፍ፣ ገመድና የእጅ ዋጋ ነው። ሰው የሚከስረው ገመዱ ላይ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ «ካት ስድስት በቂ ነው» ብሎ የኔትወርክ ገመድ ይዘረጋል፤ ብዙ ጊዜ እሱም በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። በምላጭ ፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መልሱት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በርና ሳሎን 30 ሜትር ቢራራቁ ጅረቱ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ይጓዛል። በባለ 0.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ንጹሕ መዳብ እንኳ ቁልፉ 1 አምፒር ሲስብ 2 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በቀጭኑ የኔትወርክ ገመድ ደግሞ ቁልፉ ይንጫረራል እንጂ አይከፍትም፣ ምስሉም ይጨልማል። ከዚያ «ዕቃው ተበላሸ» ተብሎ ሁለተኛ ስክሪን ይገዛል። እስከ 30 ሜትር ባለ 0.75፣ ከዚያ በላይ ባለ 1 ካሬ አዘርጉ፤ መሐል ላይ ቅጥያ አይኑር። ክረምት ከመግባቱ በፊት የውጭውን ካሜራ ላይኛውንና ሁለቱን ጎን በሲሊኮን ዝጉ፤ ታችኛውን ክፍት ተዉት፣ የገባው ውኃ መውጫ ይፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኮሙም ይጠፋል፤ በዚህ ደወሏ ትበልጣለች የሚል አለ። ግን ራውተሩ ከጠፋ ባለ ባትሪዋ ደወል ለማን ትናገራለች? ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ የቤቱ ጌታ በስልኩ ምንም ማየት አይችልም ነበር። ለኢንተርኮሙ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከቻርጀሩ ጋር ይበቃል። መጀመሪያ ግን አዳፕተሩን አንብቡ፤ 15 ቮልት የሚል ከሆነ በ12 ቮልት ባትሪ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

አሁን ወደ ገመናው። በየካቲት 2016 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ኤከን የተባለ የቻይና ኩባንያ የሚሠራቸውን ርካሽ ደወሎች መርምሮ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ማንም ሰው ቁልፏን 8 ሰከንድ ተጭኖ ደወሏን ከራሱ ስልክ ጋር ማገናኘት ይችል ነበር። መለያ ቁጥሯን ያወቀ ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል ከሩቅ ሆኖ ፎቶዎቹን ያይ ነበር። ዕቃው አንድ ሆኖ በብዙ ስም ነው የሚሸጠው፤ አፑ ግን አይዊት የሚባል አንድ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ትታችሁ የትኛውን አፕ እንደሚያስጭን ጠይቁ። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ ለቋል፤ ከዚያ በፊት ተመርቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ዕቃ ግን ፊርምዌሩ (ውስጡ ያለው ፕሮግራም) እስኪታደስ ድረስ ያው ነው። በኅዳር 2017 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኩባንያው ላይ 734,872 ዶላር ቅጣት እንዲጣል ሐሳብ አቅርቧል።

ውዱም ነጻ አይደለም። የአማዞን ንብረት የሆነው ደወል ሠሪ ሪንግ፣ ሠራተኞቹ የደንበኞችን ቪዲዮ ያዩ ነበር በሚል ክስ፣ በግንቦት 2015 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የኢንተርኮም ምስል ግን ገመዱ ባለቀበት ያልቃል። አንዳንዱ ስክሪን ዋይፋይ ተጨምሮለት ይሸጣል፤ እሱን አታገናኙት፣ ወይም የሌለውን በቅናሽ ግዙ።

ተከራይ ያለበት ግቢ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። አፑ የአከራዩ ስልክ ላይ ከሆነ ተከራዩ ስንት ሰዓት እንደገባና ከማን ጋር እንደመጣ ሁሉ ይመዘገባል፤ የፊት ለፊቱ ጎረቤት በርም አብሮ ይቀረጻል። የግል ሕይወት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል፤ በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ካሜራውን ወደ ራሳችሁ በር አፍ ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ለተከራይም ንገሩ።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላከው ባለ ገመድ ደወልም ነጻ ስጦታ አይደለም። ብዙዎቹ ከ16 እስከ 24 ቮልት ኤሲ ይፈልጋሉ። አብሮ የመጣው ትራንስፎርመር መግቢያው 120 ቮልት ከሆነ በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል።

ተከራይ ሆናችሁ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ ዋይፋይዋን ግዙ፤ የሜሞሪ ካርድ ቦታ ያላትን ግን። ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ዘግታችሁ ደወሏ የምትሰቀልበት ቦታ ላይ ስልካችሁን ያዙና በ2.4 ጊጋሄርዝ መስመር የሲግናሉን መጠን በዋይፋይ መለኪያ አፕ እዩ። ከ−65 ዲቢኤም (አፑ ላይ dBm) ከደከመ (−75 ማለት የባሰ ነው) ድንጋዩ ግድግዳና የብረቱ በር ውጠውታል፤ ራውተሩን ሳታቀርቡ አትግዙ። ስትገጥሙ ራውተሩ ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍታችሁ እሱ ላይ ብቻ አገናኟት፣ ፊርምዌሩን አድሱ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን መለያ ቁጥርና ኪውአር ኮድ ለራሳችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላጡት። ያገለገለች ከሆነች ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ከራሱ አካውንት ያጥፋት፤ ያለበለዚያ ወይ ከእናንተ ስልክ ጋር አትገናኝም፣ ወይ በራችሁን እሱም ያያል።