ለእማዬ ጉልበት የተጨነቀው የአስዋን ልጅ

ሰላም ወገኖች። ይህን ጽሁፍ ከተመለስን ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ነው የቆየሁት። ግብጽ ውስጥ ከሉክሶር እስከ አስዋን በመርከብ ስንሄድ አብሮን የነበረውን አስጎብኚ ላመሰግን ነው። መርከቡን አይደለም። ስለ መርከቡ ሌላ የምለው አለኝ። ልጁን ነው።

እኔ ዱባይ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እማዬ የጎጃም ሴት ናት፤ የተወለደችው ሰከላ ነው፣ ከግሽ አባይ ብዙም ሳይርቅ። አባይ ከእግሯ ስር ፈልቆ የት እንደሚደርስ አንድ ቀን አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ከገባሁላት ቆይቷል። ኅዳር መጨረሻ ላይ እሷ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከዱባይ ተነስተን ካይሮ ተገናኘን። ሁለት ነገር አሳስቦኝ ነበር። አንደኛው ጉልበቷ ነው፤ ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል። ሁለተኛው የገና ጾም መግባቱ።

ጉዞውን የሸጠልን ደላላ "ሁሉም ተካቷል፣ ምንም አታስቡ" ብሎን ነበር። ሉክሶር ስንደርስ የተካተተው አልጋና ምግብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቤተ መቅደሶቹ መግቢያም፣ ታክሲውም በራሳችን ነው። መርከቦቹ ደግሞ ሲቆሙ ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የሚያድሩት። "አባይን የሚያሳይ ክፍል" ተብሎ የተከፈለበትን መስኮት መጋረጃ ስገልጥ፣ በጎረቤት መርከብ ውስጥ ጥርሱን የሚቦርሽ ሰውዬ ጋር ተፋጠጥን። ወደ መሬት ለመውረድም በሦስት መርከብ ሳሎን ማለፍ ነበረብን። እማዬ በየሳሎኑ ለተቀመጠው ሁሉ "እንደምን አደራችሁ" እያለች አለፈች።

አስጎብኚው የመጣው በመጀመሪያው ማለዳ ነው። ሰላሳዎቹን የጀመረ፣ ረጅም ጠይም ልጅ፣ ኑቢያዊ፣ የአስዋን አካባቢ ነባር ሕዝብ። "ይሄስ የእኛው ነው" አለች እማዬ ገና ስታየው። "ያ ሐጋ" ብሎ ሲጠራት ግን ደነገጠች። እዚያ አገር ትልቅ ሴት በክብር የምትጠራው እንደዚያ ነው። "እኔ መካ አልሄድኩ፣ ምን ነካው?" አለችኝ። ስተረጉምለት ሳቀና "ያ ኡሚ" አላት፣ እናቴ እንደማለት። እስከ መጨረሻው ቀን በዚያው ጸና። (በእኔ የዱባይ አረብኛም ስቋል። ይቅር ብዬዋለሁ።)

ስለ ፈርዖኖች ከማውራቱ በፊት የጠየቀኝ "የትኛው ጉልበቷ ነው? መውጣት ነው የሚያማት ወይስ መውረድ?" ብሎ ነው። መውረድ አልኩት። ደብተሩን አወጣና የቀኑን ፕሮግራም እዚያው ሰረዘ።

የነገሥታት ሸለቆ ውስጥ ከ60 በላይ መቃብሮች ተገኝተዋል። መደበኛው ቲኬት ግን የሚያስገባው ሦስት ብቻ ነው፤ የቱታንካሙን ለብቻው ይከፈላል። ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ካገኘው ወዲህ ስሙን ያልሰማ የለምና ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ልጁ ግን "ሀብቱ ካይሮ ነው ያለው። መቃብሩ ትንሽ ነው፣ ደረጃም አለው። ብራችሁን አታባክኑ" አለን። ይልቅ ወደ ራምሴስ አራተኛ መቃብር ወሰደን። ሰፊ ነው፣ መተላለፊያው ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። እማዬ ክንዱን ይዛ ገባች።

በሩ አጠገብ አቆመንና ግድግዳው ላይ አንድ ስዕል አሳየን። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ የሚጸልይ፣ በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን ያለው ሰው። ፈርዖኑ ከተቀበረ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቅብጥ ክርስቲያኖች መቃብሩን መኖሪያ አድርገውት ነበር፤ እነሱ የሳሉት ነው። እማዬ ነጠላዋን አጣፋች። ቆማ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረች። ከኋላችን ሰው ተከማችቷል። ልጁ ምንም አላላትም፤ ሰዎቹን በሌላው ወገን ቀስ አድርጎ አሳለፋቸው። ጥበቃው ጉርሻ ፈልጎ ሲጠጋም በዓይኑ መለሰው።

ውስጥ፣ የሬሳ ሳጥኑ ካለበት ክፍል ጣሪያ ላይ፣ ኑት የምትባለው የሰማይ አምላክ ተዘርግታለች። በእነሱ እምነት ፀሐይን ማታ ትውጠዋለች፣ ጠዋት ትወልደዋለች። እማዬ ሽቅብ አይታ አይታ "በየቀኑ ምጥ! ምስኪን" አለች።

የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ላይ ዳገቱ ረጅም ስለሆነ ጥላ ስር አስቀመጥናት። ልጁ እኔን አስጎበኘኝና የፑንትን ጉዞ የሚያሳየውን ግድግዳ በስልኩ አንስቶ ተመለሰ። ከዚያ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አሳያት። ንግሥቲቱ ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ፑንት ወደሚባል አገር መርከብ ልካ ነበር፤ ሰዎቹ ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲጭኑ ይታያል። ፑንት በትክክል የት እንደነበረ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠቁሙት ወደ እኛው ቀንድ ነው። "ዛፉ ዕጣን ከሆነ ከእኛ ነው የወሰዱት" ብላ ፈረደች እማዬ። ክርክሩ ተዘጋ።

አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ። ልጁ ሙስሊም ነው፤ ጾም ላይ መሆናችንን ስነግረው ግን ቀጥ ብሎ ወጥ ቤት ገባና "ሲያሚ" አዘዘ። የቅብጦች የጾም ምግብ ስም ነው፣ ያዙት፣ ይጠቅማችኋል። ማታ ፉል መጣ፣ ጠዓሚያ (የባቄላ ጥብስ) መጣ፣ ምስር መጣ። በመጨረሻ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ ከነራሱ እማዬ ፊት ተቀመጠ። ለካ ቅብጦች በገና ጾም ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር ዓሣ ይበላሉ። እማዬ በጾም ዓሣ አታስጠጋም። እሷ ዓሣውን አየችው፣ ዓሣው እሷን አያት። አስተናጋጁን ላለማሳፈር "ጠግቤያለሁ" አለችና ዳቦ በሻይ አድርጋ ተኛች።

ጠዋት ስነግረው ግንባሩን በመዳፉ መታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ከመድረሱ በፊት በእሱ ዓይን ስር ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ምግብ አብሳዩ ራሱ የምስር ሾርባ ይዞ ወጣና እስክትቀምሰው ቆሞ ጠበቀ።

ኤስና ላይ መርከቡ የውሃው በር ተዘግቶ የውሃው ከፍታ እስኪጨምር ይቆማል። ያኔ ነጋዴዎች በትንንሽ ጀልባ ከበው ጀለቢያና ሻርፕ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ሰገነቱ ይወረውራሉ። ከወደድከው ብሩን በዚያው ላስቲክ መልሰህ ትወረውራለህ፤ ካልወደድከው ዕቃውን። እማዬ ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል በአማርኛ ተከራክራ አንድ ሻርፕ ገዛች። እንዴት እንደተግባቡ አትጠይቁኝ።

ኤድፉ ላይ ቱሪስት የሚጓጓዘው በጋሪ ነው። ፈረሶቹን አይታ "እኔ በዚህ አጥንት ላይ አልወጣም" አለች። ልጁ ሳይከራከር ባጃጅ ጠራ። የጭልፊቱ አምላክ የሆረስ ቤተ መቅደስ ተጀምሮ እስኪያልቅ 180 ዓመት ፈጅቷል፤ የፊት ግንቡ 36 ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር እማዬ ከግንቡ ይልቅ ባጃጁን ወዳዋለች፣ "እዚህም አለ እንዴ!" እያለች።

የጉዞው ሁሉ ጣዕም ለእኔ ኮም ኦምቦ ላይ ነው። ቤተ መቅደሱ የሁለት አማልክት ነው፣ ግማሹ የአዞው የሶቤክ፣ ግማሹ የሆረስ። ሌሎቹ አስጎብኚዎች የደረቁ አዞዎች ወዳሉበት ሙዚየም ሲጣደፉ የእኛው እማዬን ወደ አንድ ግድግዳ ወሰዳት። የቀን መቁጠሪያ ነው፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ፤ በየቀኑ የሚቀርበው መሥዋዕት ከጎኑ ተጽፏል። "12 ወር ነው፣ እያንዳንዱ 30 ቀን። በመጨረሻ 5 ቀን ይጨመራል" አለ። ተረጎምኩላት። ጣቶቿን ዘርግታ አየችው። "አምስቷ ጳጉሜን ናት!" ልጁ ቃሉን አያውቀውም፤ ነገሩ ግን ገባውና ተሳሳቁ። ከዚያ የወራቱን ስም መለዋወጥ ሆነ። የእኛ መስከረም የእነሱ ቱት ነው፣ ኅዳር ሐቱር። የግብጽ ገበሬ ዛሬም የሚዘራው በእነዚህ ወራት ነው። ሐቱርን "የተበተነ ወርቅ አባት" ይሉታል አለ፣ ስንዴ የሚዘራበት ስለሆነ። የገበሬ ልጅ ናት፣ ይሄ ከፈርዖን ሁሉ በለጠባት።

ከዚያው ግቢ ክብ ጉድጓድ አለ። የጥንቶቹ የአባይን ሙላት የሚለኩበት ነው፤ በሙላቱ ልክ ነው ግብር የሚተመነው። "መቼ ነበር የሚሞላው?" አለች። በበጋችን፣ ከሐምሌ ወዲህ አላት። "የእኛ ክረምት ነዋ" አለችና ጎንበስ ብላ ቁልቁል አየች። ታላቁ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ያ ሙላት አይመጣም።

ስለ ግድብ ካነሳሁ ይሄንንም ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ከጎናችን የተቀመጡ ሰውዬ ከየት እንደመጣን ሲሰሙ ስለ እኛው ግድብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። እማዬ አረብኛ አትችልም፤ የድምፅ ነገር ግን ይገባታል። ልጁ ከወዲያ ማዶ ተነስቶ መጣና "ኡሚ ከምንጩ ሰፈር ነው የመጣችው። እኛ ለእንግዳ መጀመሪያ ሻይ ነው የምንለው" አለና ለሁላችንም ሻይ አዘዘ። ሰውዬውም ጠጡ። በማግስቱ ጠዋት "ሰባሕ አል ኸይር" ብለውናል።

ፊላኤ የመጨረሻችን ነበር። ወደ ደሴቷ በጀልባ ነው የሚገባው። የአሁኗ ደሴት አጊልኪያ ናት፤ የጥንቷ ፊላኤ ውሃ በልቷታል። ቤተ መቅደሱን ወደ 40,000 ቁራጭ ፈትተው እንደገና ገጣጠሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተከፈተ። ምሰሶዎቹ ላይ ክርስቲያኖች የቀረጿቸው መስቀሎች አሉ። እማዬ አንዱ ስር ተቀምጣ አረፈች። ልጁ ያን ቀን ብዙ አላወራም። ዝምታው ስለበዛብኝ ጠየቅሁት። የአያቱ መንደር ከግድቡ በስተጀርባ ሐይቁ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እና 64 ወደ 50,000 የሚጠጉ ኑቢያውያን ተነስተው ኮም ኦምቦ አካባቢ ሰፍረዋል፤ አያቱም ከእነሱ ጋር። "ድንጋዮቹን ቁጥር ጽፈውባቸው በጥንቃቄ አነሷቸው። አያቴ የቤቷን ቁልፍ ይዛ ነው የሄደችው" አለኝ። ለእማዬ ተረጎምኩላት። እጁን ይዛ "እግዜር ያጽናህ ልጄ" አለችው። ይሄን ሳልተረጉምለት ገባው።

ጉድለት የለውም አልልም። ስልኩ አያርፍም፣ የንጉሥ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ካየ ደግሞ አንብቦ ሳይጨርስ አይንቀሳቀስም። ግን የፓፒረስ ሱቅ በር ላይ ቆሞ "እዚህ ከገዛችሁ እኔ ኮሚሽን አገኛለሁ፣ እንግባ ወይስ እንለፍ?" ብሎ የሚጠይቅ አስጎብኚ እኔ ሌላ ቦታ አላየሁም። አለፍን። አላኮረፈም።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል። "ሁሉም ተካቷል" ለሚላችሁ ምን ምን እንደሆነ አስጽፉት። ለጉርሻ ዝርዝር ጊኒ (የግብጽ ገንዘብ) ያዙ። ከመርከቡ በፊት አስጎብኚ ፈልጉ፣ ዋጋውንም ቀድማችሁ ተስማሙ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ "በሰው በሰው ይሁን" ብሎኛል። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። አረብኛና እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አማርኛም አሁን "ጳጉሜን" እና "ቀስ በይ" ይችላል። ስትደውሉለት የሰከላዋ እናት ልጅ ናት የሰጠችን በሉት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ነው።