ቢርካ ይሻላል ጥልቅ ጉድጓድ?

በሶማሌ ክልል ሐርሺን አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። የውሃ ምርጫው ሁለት ነው፦ ቢርካ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ።

ወጪ፦ ቢርካ የዝናብ ጎርፍ ማጠራቀሚያ ነው፤ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል። ቤተሰብም ያሠራዋል። ጥልቅ ጉድጓድ ሪግ (መቆፈሪያ ማሽን) ይፈልጋል፤ ደረቅ ቢወጣም ሂሳቡ ይከፈላል።

ጥገና፦ ቢርካ ሲሰነጠቅ ግንበኛ ይበቃዋል፤ ደለሉን በአካፋ መዛቅ ነው። የጉድጓዱ ፓምፕ ሲቃጠል ግን መለዋወጫ እስኪመጣ መንደሩ ጄሪካን ይዞ ይንከራተታል። ሶላር የናፍጣውን ጣጣ ነው የሚያቀለው፤ የፓምፑን አይደለም።

ስጋት፦ ዝናብ ከቀረ ቢርካው ባዶ ነው። ውሃውም ሳይታከም ባይጠጣ ይሻላል። ጉድጓድ ድርቅን ይቋቋማል፤ ግን ጨዋማ ሊሆን ይችላል፣ ከብቱም ዙሪያውን ተሰብስቦ ግጦሹን ይጨርሰዋል።

ተበታትኖ ለሚኖር አርብቶ አደር ቢርካ። ቧንቧ ለሚዘረጋ ከተማ፣ ጨው ከሌለ፣ ጉድጓድ። ያኔም ቢርካዎቹ ባይፈርሱ እመርጣለሁ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ቦቴው የሚገለብጠው እዚያ ነው።