ጥንድ የሸራ ኮረጆ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ለፈረስ፣ ለድንኳንና ለሥዕል ጉዞ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ መርካቶ ውስጥ ድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ ለሚሰፋ ባለሙያ፣ በጭነት ፈረስ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ጥንድ ኮረጆ በ7,400 ብር አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ባሌ ተራሮች ይዤው ወጥቻለሁ፤ በኅዳር ወደ ሳነቴ አምባ፣ በጥር ከዲንሾ ተነሥተን በዌብ ሸለቆ፣ በግንቦት ደግሞ በአዳባና በዶዶላ ደኖች በኩል። በሦስቱም ጉዞዎች ዘጠኝ ሠዓሊዎች ሆነን በፈረስ እየሄድን፣ በድንኳን እያደርን፣ በየደረስንበት እየሳልን ስለቆየን፣ ኮረጆው ልብስ ብቻ ሳይሆን ቀለም፣ መሳያ ሰሌዳ፣ ስንቅና ድስት ጭምር ተሸክሟል። የጭነት ፈረሱን ለሁለት ሰው አንድ አድርገን ስለተከራየን፣ የኔና የጓደኛዬ ዕቃ በሙሉ በዚህ ጥንድ ውስጥ ነበር።

ኮረጆው ከወፍራም የጥጥ ሸራ የተሠራ፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 45፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሆን፣ ሁለቱ ወገኖች በኮርቻው ላይ በሚያልፉ ሦስት ሰፋፊ ጠፍሮች ተያይዘዋል። ባዶውን አራት ኪሎ ይመዝናል። አፉ በዚፕ እንዲዘጋልኝ ብጠይቅም፣ ሰፊው «ዚፕ አቧራ አይወድም» ብሎ በክዳንና በዘለበት አደረገው፤ ለፊት ኪሱ ብቻ፣ እኔን ለማስደሰት ይመስላል፣ ዚፕ ገጠመለት። ዘለበቶቹ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አላስቸገሩኝም፤ ዚፑ ግን በጥር የዌብ ሸለቆ አቧራ ገብቶበት በሁለተኛው ቀን ስለተነከሰ፣ ኪሱን በቢላ ቀድጄ ውስጡ የነበሩትን እርሳሶች ለማውጣት ተገድጃለሁ።

ስለ ጥራቱ ከማውራቴ በፊት የራሴን ስሕተት መናገር ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ጉዞ ኮረጆውን ያማረርሁበት ነገር የአስተሻሸጌ ጥፋት እንጂ የሰፊው አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ስንሰበስብ፣ ምግብና ቀለም እንዳይነካካ ብዬ ስንቁን በሙሉ በግራው፣ የሥዕል ዕቃውን በሙሉ በቀኙ ወገን ከትቼ፣ ሁለቱንም በሚዛን መዝኜ እኩል 17 ኪሎ አድርጌ ነበር። ያላሰብሁት ነገር ቢኖር ስንቅ በየቀኑ እየተበላ ሲቀል፣ ሥዕል ግን ተሠርቶም ያው ክብደቱን ይዞ የሚመለስ መሆኑን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፈረሱን የሚመሩት ሰው፣ እኛ «ኦቦ» እያልን የምንጠራቸው፣ ከመጫናቸው በፊት ሁለቱን ወገኖች በየእጃቸው ጨብጠው ከመሬት ብድግ አደረጉና፣ ትንሽ ቆይተው ወደ ግራው እያዩ «ይኼኛው ርቦታል» አሉኝ። ከዚያም ከአጠገባቸው ጥቁር ድንጋይ አንሥተው፣ አራግፈው፣ ከበሶው ከረጢት አጠገብ አስቀመጡት።

«ድንጋይ እንሸከም እንዴ ኦቦ?» ብላቸው፣ «የሚሸከመው ፈረሱ ነው፤ አንተ ምን ቸገረህ?» አሉኝ። አሾፉብኝ እንጂ ጉዳዩ ለእርሳቸው ቀልድ አልነበረም፤ ጭነት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ኮርቻው ጀርባውን እየፈገፈገ ገጣባ ያወጣል፤ ገጣባ ያወጣ ፈረስ ደግሞ ለሳምንታት ሥራ ፈትቶ ለባለቤቱ ኪሳራ ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንቁንም ቀለሙንም ለሁለት ከፍዬ በሁለቱም ወገን አስቀምጣለሁ፤ ከባዱን ከታች፣ የሚበላውን ከላይ፣ በየማለዳውም ከሁለቱም እኩል አወጣለሁ። የኮረጆው ትልቁ ጥቅም የታየኝም ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በስፋትም በቅርፅም ፍጹም እኩል ስለሆኑ፣ በእጅ አንሥቶ ማመዛዘን ቀላል ነው።

ቀለምና ምግብ በአንድ ኮረጆ ሲያድሩ የራሱ ጣጣ አለው። በኅዳሩ ጉዞ መመለሻ ላይ የዘይት ቀለም ብሩሽ የማጸዳበት የተርፐንታይን ጠርሙስ በክዳኑ በኩል አንጠባጥቦ ድፎ ዳቦው ለሦስት ቀን ተርፐንታይን ተርፐንታይን ሲል ሰነበተ፤ የጥጥ ሸራ ሽታን በቀላሉ አይለቅም። ከዚያ ወዲህ የዘይት ቀለም ብሩሽ በምግብ ዘይት እያጸዳሁ ተርፐንታይኑን ከነአካቴው ቤት ትቼዋለሁ፤ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነገር ከምድጃ ጋር አብሮ አለመጫኑም ሌላ ዕረፍት ነው። ያልደረቁ ሥዕሎችን ደግሞ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ የሚይዝ፣ ውስጡ በየመስመሩ የተቦረቦረ የኮምፖንሳቶ ሣጥን አሠርቼላቸው፣ ሣጥኑ ኮረጆው ውስጥ ቆሞ ልክክ ብሎ ይገባል።

ብርዱን በተመለከተ ኮረጆው ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በአምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ አላቸው፤ በኅዳር ሌሊት ውኃ በረዶ ይሠራል። አንድ ማለዳ ጅብራ የተባለውን የደጋ ተክል ልስል ተቀምጬ፣ በውኃ ቀለም ያራስሁት ብሩሽ ወረቀቱ ላይ የመስተዋት ፍቅፋቂ የመሰለ ነገር ሲጎትት አይቻለሁ። አክሪሊክ ቀለም አንዴ በብርድ ከረጋ ስለሚበላሽ፣ ቱቦዎቹን ማታ ማታ ከኮረጆው አውጥቼ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዣቸው እተኛለሁ። ቀን ላይ በፈረሱ ጎን በኩል ባለው ገጽ ሳስቀምጣቸው ሙቀት ያገኛሉ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ሙቀቱን አገኙ፤ ነገር ግን የፈረሱ ላብ ሸራውን አልፎ አጠገባቸው የነበረውን ወረቀት በሙሉ ቆለመመው። ስንቅን በሚመለከት ደግሞ በዚያ ከፍታ ውኃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ምስር ይዞ መሄድ ጋዝ መጨረስ ነው፤ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቦታም ክብደትም ይቆጥባሉ።

እውነተኛው ፈተና የግንቦት ዝናብ ነበር። የጥጥ ሸራ ሲርስ ክሩ ስለሚያብጥ ገላው ብዙም አያስገባም፤ ውኃው የሚገባው መርፌ በወጋው የስፌት ቀዳዳ ነው። ከሁለት ሰዓት ዝናብ በኋላ ልብሴ በታችኛው ጥግ በኩል ርሶ አገኘሁት። ቤት ስመለስ ንጹሕ የማር ሰም ገዝቼ ስፌቱን በሙሉ አሸሁት፤ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁም አሰረግሁት፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት የአዲስ አበባ ዶፍ ዝናብ ሞክሬዋለሁ፣ ጠብታ አልገባም። ሰፊው ይህን ከመጀመሪያው ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

ጠፍሮቹ ከዝናቡ በኋላ እንደ እንጨት ደርቀው ስለነበር ዶዶላ ላይ ቅቤ ቀባኋቸው፤ ለሰለሱ፤ ሌሊት ግን የመንደር ውሻ ሽታውን ተከትሎ መጥቶ አንዱን እስከ ግማሽ አኘከው። ጅብ ባለመሆኑ እግዜር ይመስገን። አሁን ኮረጆው የሚያድረው ድንኳን ውስጥ፣ ከራስጌዬ ነው።

ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ስመለከት፣ ገላው ደህና ነው፤ ቀለሙ በፀሐይ ቢነጣም፣ እኔ በቢላ ከቀደድሁት ኪስ በቀር የትም አልተቀደደም። የታችኛው ሁለት ጥጎች ግን በዌብ ድንጋይ እየተፈገፈጉ ሳስተዋል፤ ድርብ ነው የተባለው ሸራም ጥጉ ላይ ሲፈታ ነጠላ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህንን ለሰፊው አሳይቼው አልተከራከረኝም። ከታች ወፍራም ላስቲክ እንዲደርብበት፣ የተነከሰውን ዚፕ አውጥቶ በዘለበት እንዲተካ፣ በፈረሱ በኩል ያለውን ገጽም ላብ በማያሳልፍ ፕላስቲክ ሸራ እንዲያለብስልኝ በ900 ብር ተስማምተናል። ጓደኛዬም በዚሁ ማሻሻያ ሌላ ጥንድ አዝዟል። ለጥቅምቱ ጉዞ ከመነሣታችን በፊት ሁለቱንም ጥንዶች ጋዜጣ ሞልቼባቸው ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ አሳድራቸዋለሁ፤ ጠዋት የረጠበው ጋዜጣ የትኛው ስፌት ሰም እንደሚቀረው ያሳየኛል።