ከፍዬ የዘገየሁበት የስፖርት መተግበሪያ

በሐምሌ 2017፣ የቶኪዮው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከመጀመሩ በፊት፣ የሩጫና የእግር ኳስ ውጤቶችን በየሰከንዱ አደርሳለሁ ለሚል አንድ የስልክ መተግበሪያ የዓመት ክፍያ ፈጽሜ መጠቀም ጀመርኩ። መተግበሪያው ምስል አያሳይም፤ የሚሸጠው በጽሑፍና በሰንጠረዥ የሚቀርብ የቀጥታ ውጤት፣ ሯጮች በየዙሩ ያለፉበት ሰዓትና ውድድር ሊጀመር ሲል የሚላክ ማሳወቂያ ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ በፈረቃ ስለምሠራ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ውድድር የማይበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስልኬን ግን አንዱን ደንበኛ ሸኝቼ ሌላው እስኪመጣ ገለጥ አድርጌ ማየት ስለምችል፣ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው ብዬ ነበር። ዋጋው ለዓመት 30 ዶላር ሲሆን፣ በብር የሚከፈልበት መንገድ ስለሌለ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ 30 ዶላር ለደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ መስከረም 4 ቀን 2018፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ በሴቶች ማራቶን ነው። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በእነሱ ከጠዋቱ 1:30 የተነሣው ሩጫ በእኛ ከሌሊቱ 7:30 ነበር። መተግበሪያው ግን ውድድሩ ከሌሊቱ 8:30 እንደሚጀመር ስለነገረኝ፣ እሱን አምኜ ሰዓት ሞልቼ ተኛሁ። ስነቃ ሯጮቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጠዋል፤ በስልኬ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ አሁንም «አልተጀመረም» ይላል። ትዕግሥት አሰፋን ከመነሻው ጀምሬ ልከታተላት የፈለግሁት፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ በሲፈን ሐሰን በ3 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ብር ማግኘቷን ስላልረሳሁት ነው። በቶኪዮም 2:24:45 ገብታ በኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በ2 ሰከንድ ተቀደመች። ይህን የመሰለ ውድድር ግማሹን ተኝቼ ያሳለፍኩት በራሴ ስንፍና ሳይሆን ከፍዬ በገዛሁት የተሳሳተ ሰዓት ምክንያት መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥፋቱ የስልኬ መስሎኝ ቅንብሩን ሁሉ ፈተሽኩ፤ ሰዓቱም አገሩም ትክክል ነበር። ነገሩ የገባኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን መርሐ ግብር ስመለከት ነው። በለንደን ቅዳሜ ከቀኑ 9:00 ላይ የሚደረጉት ጨዋታዎች፣ እንግሊዞች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍተው በሚቆዩባቸው ወራት በእኛ 11:00 ላይ ይጀመራሉ፤ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 12:00 ይሆናሉ። ኳስ የሚወድ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መተግበሪያው ግን በመስከረምም 12:00 ይል ነበር። የቶኪዮውንም ጨምሮ ሰዓቱን ሁሉ ከለንደን ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን ዓመቱን ሙሉ ከለንደን በ3 ሰዓት እያራቀ ያሰላል እንጂ፣ ከመጋቢት 20 ገደማ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ልዩነቱ 2 ሰዓት መሆኑን አያውቅም ማለት ነው። ጥቅምት 16 ቀን እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ስህተቱ ማንም ሳይነካው ጠፋ።

ከዚህ የባሰው የደረሰው ግን የሴቶች ማራቶን በተሮጠበት በዚያው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ተረኛ ነበርኩ። የወንዶች 10,000 ሜትር በእኛ 9:30 ላይ እንደሚጀመር ከሌላ ቦታ አረጋግጬ ስለነበር፣ ማሳወቂያ ሳልጠብቅ መተግበሪያውን ከፍቼ ስልኩን ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ አቆምኩት። ሩጫው ዝግ ያለ ነበር። በፓሪስ ጆሹዋ ቼፕቴጌ 26:43.14 ገብቶ ባሸነፈበት ርቀት የቶኪዮው ሰዓት ወደ 29 ደቂቃ ተጠጋ፤ እንዲህ ያለ ሩጫ ደግሞ የሚለየው በመጨረሻው ዙር አጨራረስ ስለሆነ፣ ከ25ቱ ዙር 24ቱን የሚከታተል ሰው በሙሉ የሚጠብቀው ያችን አንድ ደቂቃ ነው። ሰንጠረዡ 20ኛው ዙር ላይ፣ ማለትም 8,000 ሜትር ላይ ቆመ። ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፤ ስሞቹ ግን ባሉበት ደርቀዋል። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። በዚህ መካከል ከጎናችን ካለው ቡና ቤት «በለው! በለው!» የሚል ጩኸት ተነሣና ወዲያው ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። የሐኪም ማዘዣ ይዛ ከፊቴ የቆመች እናት «ምን ሆኑ ልጄ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አልነበረኝም። ውጤቱ ስልኬ ላይ የደረሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው፦ ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር 28:55.77፣ ዮሚፍ ቀጄልቻ 28:55.83። በስድስት መቶኛ ሰከንድ የተለየ ውድድር አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰኝ። ከዚያም 10:20 ላይ፣ ሯጮቹ ከሜዳ ከወጡ በኋላ፣ «ውድድሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጀመራል» የሚል ማሳወቂያ መጣ።

ስለ ስማችን አያያዝም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። መተግበሪያው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥር፣ መስከረም 3 ቀን በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘችውን ጉዳፍ ፀጋይን «ጂ. ፀጋይ» ብሎ ይመዘግባታል፤ «ጉዳፍ» ብሎ ለሚፈልጋት ሰው ምንም አያመጣም። በቀጥታ ዘገባውም የሚጠራው አባቷን ነው። በአገራችን ሰው በራሱ ስም እንደሚጠራ አዘጋጆቹ አንድ ኢትዮጵያዊ ጠይቀው ሊያውቁት ይችሉ ነበር፤ በረጅም ርቀት ሩጫ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ስም በየውድድሩ የሚገኝ ነው።

ቅሬታዬን ከስክሪን ፎቶዎች ጋር ሦስት ጊዜ ላክሁ። ሁለቱ መልሶች ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ ኢንተርኔቴ ደካማ ሊሆን እንደሚችልና መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና እንድጭነው ይመክራሉ። ኢንተርኔቴ ደካማ አልነበረም፤ ሰንጠረዡ በደረቀበት በዚያው እሑድ ከቀትር በኋላ በዚያው ስልክና በዚያው ዋይፋይ የዓለም አትሌቲክስ ድረ ገጽ ያለ ምንም ክፍያ የየዙሩን ሰዓት ያሳየኝ ነበር። በሦስተኛው መልስ ገንዘብ እንዲመለስ መጠየቅ የሚችለው የካርዱ ባለቤት ብቻ እንደሆነና ያም በተከፈለ በ14 ቀን ውስጥ መሆን እንደነበረበት ነገሩኝ። እኔ የከፈልኩት በሐምሌ ነው፤ ጉድለቱ የታየው ሻምፒዮናው ሲመጣ በመስከረም ነው። ለአንድ ትልቅ ውድድር ብሎ አስቀድሞ የሚከፍል ደንበኛ በዚህ ደንብ ገንዘቡን መቼም ሊያስመልስ አይችልም፤ ከሁሉም በላይ ያስከፋኝ ይህ ነው።

ያለፉ ውድድሮች ውጤት ማኅደሩ ሰፊና በደንብ የተደራጀ ነው፤ ዳታም ብዙ አይበላም። ለዚያ ብቻ የሚፈልገው ሰው ቅር ላይሰኝበት ይችላል። የቀጥታ ውድድር ለመከታተል ግን ከአምስት ኮከብ ከአንድ በላይ ልሰጠው አልችልም። እህቴ ካርዷ ለሚቀጥለው ዓመት በራሱ እንዳይቆረጥበት የእድሳቱን ፈቃድ ሰርዛዋለች። ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ እስከ መጋቢት 20 ቀን 2018 ይታገሥ፤ እንግሊዞች በዚያ ቀን ሰዓታቸውን እንደገና ወደ ፊት ስለሚገፉ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ የመተግበሪያውን የነፃ ገጽ ከፍቶ በለንደን 9:00 ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ጨዋታ ይመልከት። 12:00 ካለው አልታረመም።